የዘንዶው እናት ወዴት ናት?

በኦርቶዶክሳውያን ቤት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የሌለበት ግድግዳ ጥቂት ነው። ነጩን ፈረስ፥ ረጅሙን ጦር፥ ከፈረሱ ኮቴ በታች የሚጠማዘዘውን ዘንዶ፥ ከዛፍ ላይ ሆና በፍርሃት የምትመለከተውንም ብላቴና ልጆቻችን ፊደል ከመቍጠራቸው በፊት ያውቋቸዋል። ስለዚህም በስድስተኛ ክፍል የእንስሳትን ወገንና አከፋፈል በማስተምርበት ሰዓት አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፥ ዘንዶ ከየትኛው ወገን ይቈጠራል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ሊያስደንቀኝ አይገባም ነበር። «ዘንዶማ ከእባብ ወገን ነው፤ በቆላው አገር ይገኛል» አልሁት። «እርሱን ማለቴ አይደለም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋውን ነው» አለኝ። የደወሉ ሰዓት ደርሶ ነበርና «እንዲህ ያለ እንስሳ በመጽሐፋችን አልተመዘገበም» ብዬ አለፍሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጁ ወደ ቤቱ ገብቶ ከሥዕሉ ፊት ቆመና «መምህራችን ይህ ሐሰት ነው ብለዋል» አለ። እኔ እንዲህ አላልሁም፤ ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «አልተመዘገበም» በሚለውና «ሐሰት ነው» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያውቅ አላስተማርሁትም ነበር። አባቱ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግሉ፥ በበግ እርባታ የሚተዳደሩ ብርቱ ሰው ናቸው። የሳይንሱን መጽሐፍ ከልጃቸው እጅ ተቀብለው በሣጥን ቈለፉበት፤ ልጁም ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። በአራተኛው ቀን ራሳቸው መጥተው ከበሩ ላይ እንደ ቆሙ «ልጄን ምን አስተማሩብኝ?» አሉኝ። እኔ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለዲቁና የተማርሁ፥ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያለፍሁ ሰው ስለሆንሁ፥ የአባትየው ቍጣና የልጁ ጥያቄ ሁለቱም የራሴ ሆነው ተሰሙኝ። «ልጁን ይመልሱልኝ፤ ሁለት ሳምንትም ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ደስ ሳይላቸው ፈቀዱ።

በማግሥቱ ለተማሪዎቹ እንዲህ አልኋቸው። «እግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም። እንግዲህ ከዚህ ዓለም ሌላ ዓለም ፈጥሮ ቢሆን፥ በዚያም ዓለም ዘንዶው እንደ ላምና እንደ ጅብ ሥጋና ደም ያለው እንስሳ ቢሆን፥ ምን ይበላ ነበር? የት ያድር ነበር? እንዴትስ ይበር ነበር? አስባችሁ ጻፉ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «መምህር፥ ከሁሉ በፊት እናቱ ወዴት ናት?» አለች። ሌሎቹ ሣቁ። እኔ ግን አልሣቅሁም፤ ከጠየቅኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነበርና።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ወሰን ላብጅ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ያያቸው፥ ዮሐንስም በራእዩ የጻፋቸው አርባዕቱ እንስሳ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አይገቡም። እነርሱ የዙፋኑ አገልጋዮች እንጂ ሣር የሚግጡ ወይም ሥጋ የሚነጭሩ አይደሉም፤ ሠዓሊም ለመልአክ ክንፍ ሲስልለት መንፈሳዊ ፈጣንነቱን ማሳየቱ ነው እንጂ አጥንትና ጅማት ቈጥሮ አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስም ዘንዶ ቢሆን በሥዕሉ ላይ የራሱ ትርጓሜ አለው፤ በራእየ ዮሐንስ ዘንዶ የተባለው ዲያብሎስ ነውና። ሰማዕቱን ያሠቃየው ጨካኝ ንጉሥ ራሱ ዘንዶ ተብሏል የሚሉም ሊቃውንት አሉ። ይህ ሁሉ ባለበት ይኑር። እኛ የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰዎች በተረትና በትውፊት የሚያነሡአቸው አራዊት እውነተኛ እንስሳት ቢሆኑ ኖሮ፥ ዓለሙ ምን ዓይነት ዓለም መሆን ይገባው እንደ ነበረ ነው።

እንዲህ ያለው ምርመራ የፈረንጅ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ቢኖር ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ያስታውስ። ይህ ስለ እንስሳትና ስለ ምሳሌያቸው የሚናገር መጽሐፍ በጥንት ዘመን በጽርእ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፥ ፍሪትስ ሆሜል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የግእዙን ንባብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. በላይፕሲክ ከተማ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ከሚነገርላቸው አራዊት አንዱ አባቱ አንበሳ፥ እናቱ ጉንዳን የሆነች ፍጡር ነው። ፊቱ እንደ አባቱ፥ ሌላው አካሉ እንደ እናቱ ነው። አባቱ ሥጋ በል ነው፤ እናቱ እህል በል ናት። ልጁ ታዲያ በእናቱ ባሕርይ ምክንያት ሥጋ መብላት አይችልም፤ በአባቱ ባሕርይ ምክንያት ደግሞ እህል መብላት አይችልም፤ ስለዚህ ምግብ አጥቶ ይሞታል። መጽሐፉ ይህን የሚያመጣው ሁለት ልብ ስለሆነ ሰው ምሳሌ አድርጎ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ጸሐፊው ሁለት አካል አጋጥሞ መተው አላስቻለውም፤ «ይህ ፍጡር ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስም ባጣለት ጊዜ እንዲሞት ፈረደበት። የዛሬ የሥነ ሕይወት መምህር ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

ሌላው ምስክር የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ነው። ይህ ሰው በስድስተኛው መቶ ዓመት፥ በአፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ መጥቶ ያየውን ጽፎአል። ባለ አንድ ቀንድ ስለሚባለው እንስሳ ሲናገር፥ እንስሳውን ራሱን እንዳላየው፥ ነገር ግን አራት ግንብ ባለው በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ከናስ የተሠሩ አራት ምስሎቹን እንዳየ ይመሰክራል። ስለ አውራሪስ ሲናገር ግን ሕይወት ያለውን ከሩቅ እንዳየ፥ ቆዳውም ገለባ ተሞልቶ በቤተ መንግሥት ቆሞ እንዳየ ይገልጻል። ያየውን አየሁ፥ ያላየውን አላየሁም ብሎ የሚለይ ጸሐፊ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው፤ በዘመናችንም ቢሆን አልበዛም። ከዚህም ጋር አንድ ቃል ትቶልናል፤ የሀገሩ ሰዎች አውራሪስን «አርዌ» እና «ሐሪስ» ብለው እንደሚጠሩት ጽፎአል። አርዌ ማለት በግእዝ አውሬ ነው፤ ሐሪስም ማረስ ነው። እንግዲህ ዛሬ አውራሪስ የምንለው ቃል «የሚያርስ አውሬ» ማለት ሆኖ፥ ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በፊት በባዕድ ነጋዴ ጆሮ ተሰምቶ በጽርእ ፊደል ሰፍሮ እናገኘዋለን።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው በኦስትሪያ አገር የሆነው ነው። በክላገንፉርት ከተማ አጠገብ በ1335 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የራስ ቅል ተገኘ፤ ሕዝቡም በከተማው ትውፊት የሚነገረው ዘንዶ ራስ ነው ብሎ አመነ። ከሁለት መቶ አምሳ ዓመት በኋላ ለከተማይቱ የዘንዶ ሐውልት የቀረጸው ባለ እጅ ይህንኑ ቅል አይቶ ራሱን ሠራ። በ1840 ዓ.ም. ግን ፍራንስ ኡንገር የተባለ ሊቅ ቅሉን መርምሮ በበረዶው ዘመን ይኖር የነበረ ባለ ጠጕር አውራሪስ መሆኑን አስታወቀ። ዘንዶ የተባለው አርዌ ሐሪስ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው! እንደዚሁም ኦቴንዮ አቤል የተባለ ሊቅ በ1914 ዓ.ም. ስለ አንድ ዓይናው ግዙፍ ሰው የሚነገረው የግሪኮች ተረት በሲሲልያ ደሴት ከሚገኘው የድንክ ዝሆን ቅል የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብሎአል። በዝሆን ቅል መካከል የኩምቢው ቀዳዳ አለና፥ ዝሆን አይቶ ለማያውቅ ሰው የዓይን ጕድጓድ ይመስለዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። በ1414 ዓ.ም. ከቤንጋል ንጉሥ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ገጸ በረከት ሆኖ የቀረበውን ቀጭኔ የቻይና ሰዎች ቺሊን ነው አሉት፤ ቺሊን ማለት በእነርሱ ትውፊት ደግ ንጉሥ በነገሠ ጊዜ ብቻ የሚገለጥ የተባረከ አውሬ ነው። በአፍሪካ በረሓ ከግራር ጫፍ ቅጠል የሚለቅመው ቀጭኔያችን በሌላው አገር ተረት ሆኖ ተሰገደለት። በ1799 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ሊቅ ጆርጅ ሾው ከአውስትራልያ የተላከለትን የእንስሳ ቆዳ ሲያይ አፉ የዳክዬ፥ አካሉ ጠጕራም ሆኖበት፥ አታላይ ሰው ሰፍቶት እንዳይሆን ተጠራጠረ። እንስሳው ግን እውነተኛ ነው፤ እንቍላል ጥሎ ጫጩቱን ወተት ያጠባል። እንግዲህ «ይህማ ሊሆን አይችልም» ለማለት መቸኰል አይገባም፤ «ይህማ አለ» ለማለትም እንደዚሁ።

ወደ ዘንዶአችን እንመለስ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የሳሉት አራት እግርና ሁለት ክንፍ ያለው ነበር፤ ይህን ዓይነት ከውጭ አገር ሥዕል የለመዱት ይመስለኛል። «እጅና እግሩን ቍጠሩ» አልኋቸው። ስድስት ሆነ። በዚህ ዓለም አጥንተ ጀርባ ካላቸው የምድር እንስሳት መካከል ከአራት የሚበልጥ እጅና እግር ያለው የለም። የወፍ ክንፍ የፊት እግሯ ነው፤ የሌሊት ወፍም ክንፍ በረዘሙ ጣቶች ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው። ክንፍ የወሰደ ሁሉ የፊት እግሩን ከፍሎበታል። ሊቃውንተ ሥነ ሕይወት ይህ የሆነው እነዚህ እንስሳት ሁሉ አራት ክንፈ ዓሣ ከነበሩት ከጥንት የውኃ ፍጥረቶች ስለ መጡ ነው ይላሉ። (ይህ አነጋገር በአክሲማሮስ ከተማርነው ከስድስቱ ቀን ሥነ ፍጥረት ጋር እንዴት ይስማማል የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ግን ይሻል።) ስለዚህ በዘንዶው ዓለም የመጀመሪያው ዓሣ ስድስት ክንፍ ይዞ ወደ የብስ መውጣት ነበረበት። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ዘንዶው ብቻውን ባለ ስድስት አይሆንም፤ በሬውም፥ ውሻውም፥ ጦጣውም ባለ ስድስት ይሆናል። አንዱ ተማሪ «እንግዲያው ፈረሱም ክንፍ ሊኖረው ነው» አለ። ሌላው «ገበሬው በሁለት እጁ ዕርፍ ይዞ በሁለቱ ጅራፍ ያጮኻል» ብሎ ክፍሉን አሣቀው። አንድ አውሬ እንለውጥ ብለን ዓለሙን ሁሉ ለወጥነው።

ቀጥሎ የክብደት ነገር መጣ። ጋሊሌዎ በ1638 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ፥ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ክንፍ የሚሸከመው በስፋቱ ነውና፥ ወፍ እየተለቀ በሄደ ቍጥር ክንፉ ከክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ምድር ከበረሩት እንስሳት ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ አጥንቱ በ1971 ዓ.ም. በቴክሳስ የተገኘው ኬትሳልኮአትሉስ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 11 ሜትር፥ ክብደቱም ከ200 እስከ 250 ኪሎ ይገመታል። ፈረስና ጋላቢ የሚውጥ ዘንዶ በዚህ ልክ አይወሰንም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ፒተር ዲኪንሰን በ1979 ዓ.ም. ባወጣው ስለ ዘንዶ በረራ በሚናገር መጽሐፍ ለዚህ ችግር ብልኀት አግኝቶለታል። ዘንዶው በሆዱ ሃይድሮጅን የተባለውን ቀላል ጋዝ እያመነጨ እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል፤ የተረፈውን ጋዝ በአፉ ሲያስወጣው ይነድዳል፤ እሳት የሚተፋውም ለዚህ ነው ይላል። አሳቡ ውብ ስለሆነ ከተማሪዎቹ ጋር አሰላነው። አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን በባሕር ወለል ላይ 1.1 ኪሎ ያህል ያነሣል። 500 ኪሎ የሚመዝን ዘንዶ ለመንሳፈፍ 450 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ያስፈልገዋል፤ ይህም ርዝመቱ 15፥ ወርዱ 10፥ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አዳራሽ ነው። ከስሜን ተራሮች በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ 700 ሜትር ኩብ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ዘንዶ በነፋስ ወዲያና ወዲህ የሚንከራተት ከረጢት ይሆናል እንጂ የሚያስፈራ አውሬ አይሆንም፤ አንድ ጦር ብቻ ሳይሆን አንድ የቀጋ እሾህም ይበቃው ነበር።

እሳቱስ? ላም በቀን ከ250 እስከ 500 ሊትር የሚነድድ ጋዝ በግሣትዋ እንደምታወጣ ታውቋል። ሁለት ፈሳሾችን በሆዱ ለይቶ ይዞ፥ ሲነኩት አደባልቆ ወደ ፈላ ውኃ ሙቀት የሚጠጋ ጢስ የሚተፋ ጥንዚዛም አለ። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖረው ዓሣ የመብራት ኃይል ያመነጫል። ጋዙን ከላም፥ የሚቀጣጠለውን ፍንጣሪ ከዓሣው ቢወስድ እሳት መትፋት ለዘንዶው ከመብረር ይቀልለዋል። መብረር የግድ ከሆነ ግን ሌላ ሰማይ ያሻዋል። ከሳተርን ጨረቃዎች አንዷ በሆነችው በቲታን ላይ አየሩ ከምድራችን አየር አራት እጥፍ ያህል የወፈረ፥ ወደ ታች የሚስበውም ኃይል ከእኛው አንድ ሰባተኛ ያህል ነው፤ በዚያ ሰው እንኳ በክንዱ ላይ ክንፍ ቢያስር ሊበር ይችል ነበር። ቅዝቃዜው ግን ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው! ዘንዶው በዚያ ይበራል፤ እሳት የሚሆን እንጨትም ኦክስጅንም ግን አያገኝም።

የመብሉ ነገር ከሁሉ የረዘመ ሰዓት ወሰደብን፤ ለእኔም ከሁሉ የጣመኝ ይህ ነው። ምዕራባውያን በሚተርኩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ የከተማይቱ ሰዎች ለዘንዶው በየቀኑ ሁለት በግ ይሰጡት ነበር፤ በጉ ሲያልቅባቸው ነው ልጆቻቸውን በዕጣ መስጠት የጀመሩት። ከዚህ ቍጥር ብቻ ብዙ ነገር ይገኛል። በጉ 25 ኪሎ ይመዝን ብንል ዘንዶው በቀን 50 ኪሎ ይበላል። 150 ኪሎ የሚመዝን አንበሳ በአማካይ በቀን 6 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። ትኩስ ደም ባላቸው እንስሳት ዘንድ ክብደት አሥራ ስድስት እጥፍ ሲያድግ የምግቡ መጠን የሚያድገው ስምንት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የስምንት አንበሳ ምግብ የሚበላው ይህ ዘንዶ የአሥራ ስድስት አንበሳ ክብደት፥ ማለትም ወደ 2,400 ኪሎ ይኖረዋል። ከጉማሬ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ አውሬ ነው።

ነገር ግን አዳኝ እንስሳ የሚኖረው በሚበላው ሳይሆን ተበልቶ በሚተርፈው መንጋ ነው። ሊቃውንት እንዳጠኑት 90 ኪሎ የሚመዝን ሥጋ በል ለመኖር 10,000 ኪሎ የሚመዝን የታዳኝ መንጋ ያስፈልገዋል። በዚህ ስሌት አንድ ዘንዶ ሳይጐድልበት የሚኖረው ከ10,000 በላይ በጎች ባሉበት አገር ነው። ከተማይቱ በጎቿን መጨረሷ እንግዲህ የሚያስደንቅ አይደለም። እንደ አዞና እንደ እባብ ቀዝቃዛ ደም ያለው ቢሆን ኖሮ ግን የአንድ አሥረኛው ምግብ በበቃው፥ በዐሥር ቀን ሁለት በግ ብቻ በጠየቀ ነበር። በዚህም ከተማሪዎቹ አንዱ «እንግዲያው ትኩስ ደም ያለው ነው፤ ከእባብ ወገን አይደለም» ብሎ ደመደመ። ይህ ያ የመጀመሪያው ጠያቂ ልጅ ነበር። የራሱን ጥያቄ ራሱ መለሰው።

የእኛው የአክሱም አርዌ ደግሞ የተለየ ነው። በትውፊታችን ሕዝቡን ያስገብር የነበረው ይህ ዘንዶ እባብ እንደ ነበር ይነገራል። በ2009 ዓ.ም. ሊቃውንት በኮሎምቢያ ከድንጋይ ከሰል ማውጫ ያገኙትን የጥንት እባብ አጥንት ገልጸዋል፤ ርዝመቱ ወደ 13 ሜትር፥ ክብደቱ ከ1,100 ኪሎ በላይ ነበር። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከአየሩ ነውና፥ ይህን ያህል ለመግዘፍ የአገሩ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆን እንደ ነበረበት ገምተዋል። አክሱም ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። እንዲህ ያለው እባብ በአክሱም የጥር ማለዳ የዋጠውን ፍየል መፍጨት አቅቶት ደንዝዞ በቀረ ነበር። ስለዚህ ወይ የአክሱም አገር በዚያ ዓለም ቆላ ትሁን፥ ወይ አርዌ ከተከዜ በረሓ እየወጣ ግብሩን ተቀብሎ ይመለስ። ትውፊቱ አርዌ የሞተው መርዝ በበላች ፍየል ነው የሚል መሆኑ ደግሞ ደስ ያሰኘኛል፤ ይህን የተናገሩ አባቶች ሳያላምጥ የሚውጥ አውሬ በሆዱ በኩል እንደሚሸነፍ ያውቁ ነበርና።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንድረስ። በተረት ሁሉ ዘንዶው አንድ ነው፤ በተፈጥሮ ግን አንድ ብቻ የሆነ እንስሳ የለም። ዘንዶ ካለ ሴት ዘንዶ አለች፤ እንቍላል አለ፤ ግልገል አለ፤ ከግልገሎቹም አብዛኞቹ ሳያድጉ የሚሞቱ ናቸው። አንድ የእንስሳ ዘር በቅርብ ዘመድ መጋባት እንዳይዳከም ቢያንስ ቢያንስ 50 የሚዋለዱ ያስፈልጉታል የሚል የሊቃውንት ግምት አለ። ለ50 ዘንዶ ከአምስት መቶ ሺሕ በላይ በጎች! ቅዱሱ ያገኘው አንዱን ከሆነ የቀሩት አርባ ዘጠኙ በዙሪያው ባሉት አውራጃዎች መኖር ነበረባቸው።

እናቲቱንም ከቆላው ዘንዶ ተምረን ልናስባት እንችላለን። ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝመው የአፍሪካ ዘንዶ ሴቲቱ እንቍላሏን ከጣለች በኋላ በዙሪያው ተጠምጥማ ሁለት ሦስት ወር ትጠብቃለች፤ በዚያም ጊዜ ምንም አትበላም። የአዞ እናት ደግሞ ጫጩቶቿን በሚያስፈሩ ጥርሶቿ መካከል ይዛ አንዱንም ሳትጐዳ ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች። ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ በደብተሯ ላይ ዐይኗ የከሳ፥ ጐኗ የሟሸሸ፥ አሥራ ሁለት እንቍላል የታቀፈች ዘንዶ ሳለች፤ ከሥሩም «ጾመኛዋ ዘንዶ» ብላ ጻፈች። ሁለት ወር መራብና መጾም አንድ አለመሆኑን ልነግራት አስቤ ነበር፤ ሥዕሉን ባየሁት ጊዜ ግን ተውሁት።

እናትም አባትም የሌላት አንዲት ወፍ ግን አለች። ፊኒክስ የተባለችው በፊሳልጎስ እንደ ተነገረላት በየ500 ዓመቱ በእሳት ተቃጥላ ከአመዷ ትነሣለች። የሮሙ ቅዱስ ቀሌምንጦስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት የትንሣኤ ምሳሌ አድርጎ አንሥቷታል። ተማሪዎቹ በዚህ ላይ ጭንቅ ያዛቸው፤ «ወፊቱ ከሌለች ትንሣኤውስ?» ያለም ነበር። ምሳሌ መስኮት ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከፀሐይ ነው እንጂ ከመስኮቱ አይደለም አልኋቸው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለእነዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ትንሣኤ ሲጽፍ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ወፍ አይደለም፤ ያዩትን ሰዎች ነው፤ አብዛኞቹም በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወፊቱን እንስሳ አድርገን ለማሰብ ነፃነት አገኘን። በኢንዶኔዥያ በሱላዌሲ ደሴት ማሌዮ የምትባል ወፍ እንቍላሏን በእሳተ ገሞራ ሙቀት በጋለ አፈር ቀብራ ትሄዳለች፤ ጫጩቱ ራሱ አፈሩን ቈፍሮ ይወጣል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሚገኙ ሁለት የእንስሳት መጠበቂያዎች ኮሞዶ የሚባሉ ታላላቅ እንሽላሊቶች ያለ ወንድ እንቍላል ጥለው መፈልፈላቸው ተረጋግጧል። በጋለ አመድ ውስጥ እንቍላል ቀብራ የምትሞት፥ ወንድ የማትሻ ወፍ፤ በሌላ ዓለም ይህ የሚከለከል ነገር አይመስለኝም። ለሚያያትም ሰው ከአመድ የተነሣች ትመስለዋለች።

ባለ አንድ ቀንዱን በአጭሩ ልለፈው። በሰሜን ባሕር የሚገኝ ናርዋል የተባለ ዓሣ ነባሪ ሦስት ሜትር ሊደርስ የሚችል አንድ ጥርስ አለው፤ አውሮፓውያን ይህን ጥርስ የባለ አንድ ቀንድ ቀንድ ነው እያሉ ለዘመናት በወርቅ ሲሸጡት ኖሩ፤ በ1638 ዓ.ም. የዴንማርኩ ሐኪም ኦሌ ዎርም ጥርስነቱን አሳየ። ነጋዴዎቹ እንዳልወደዱለት እገምታለሁ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አንድ የሥነ ሕይወት ሊቅ የአንድ ቀን ጥጃን ሁለት የቀንድ ቡቃያ ወደ ግንባሩ መካከል አዛውሮ አንድ ቀንድ ብቻ አብቅሎለታል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር አሳዘነኝ። ስለ ኮስማስ ስተርክ «ከመካከላችሁ አውራሪስ ያየ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አላየም። እኔም አላየሁም፤ አውራሪስ ከሀገራችን ምድር ጠፍቶአልና። ኮስማስ ከሩቅ ያየው፥ አባቶቻችን ስም ያወጡለት አርዌ ሐሪስ ለእነዚህ ልጆች ከዘንዶው የማይለይ የሥዕል አውሬ ሆኖአል። በባሌና በስሜን ተራሮች የሚኖረው፥ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እንኳ ዕድሜው የደረሰው ከ500 ያህል አይበልጥም። አንዱ ልጅ ቍጥሩን በሰሌዳው ላይ ከጻፍነው ከ50 አጠገብ ጽፎ ዝም ብሎ ሲመለከተው ቆየ።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ የልጁን አባት ጠራኋቸው። መጥተው በተማሪ ወንበር ላይ እንደ ምንም ተቀመጡ፤ ልጃቸውም ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሥዕሉን ትርጓሜ አስቀድሞ፥ ከዚያም የአውሬውን ስሌት አስከትሎ አንድ በአንድ አስረዳ። አባትየው ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፥ አገጫቸውን በእጃቸው ላይ አሳርፈው አዳመጡ። ስለ ሥዕሉ ምንም አልተናገሩም። ልጁ ወደ በጎቹ በደረሰ ጊዜ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ስንት ኪሎ አልህ በጉን?»

«ሃያ አምስት፥ አባባ።»

«በሰኔ ነው በጥቅምት?»

ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ ልጁ።

«የእኛ አገር በግ በሰኔ ሃያ አምስት ኪሎ አይገባም» አሉ አባትየው። «እንደዚህ ከሆነ ያ ጉደኛ ሦስት በግ ሊበላ ነው። እንደገና ቍጠሩት።» ይህን ብለው ከጋቢያቸው ሥር የሳይንሱን መጽሐፍ አውጥተው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩልን።